በጠመኔ የተጻፈው ሰዓት

«በሥራ ሰዓት በመተኛት እና የማምከኛ ማሽኑን በር ያለጊዜው በመክፈት» ይላል ደብዳቤው። ተኝታ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሙቀት ውስጥ እግሯ እስኪያብጥ የቆመች ሴት፣ አንድ ወንበር ይግባልኝ ብላ ጠይቃ «ለወንበር የሚሆን ቦታ የለም» የተባለች ሴት፣ ተኝታ! እስቲ የት ትተኛ? የእንፋሎቱ ቧንቧ ላይ ተንጠልጥላ?

ሆስፒታሉ ውስጥ እትዬ ጠመኔ ነው የሚሏት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሥራዋ ላላየው ቀላል ይመስላል። ከቀዶ ሕክምና ክፍል ደም የነካቸው መቀሶች፣ መቆንጠጫዎችና ቢላዎች ይመጡላታል። ታጥባቸዋለች፣ ታደርቃቸዋለች፣ በጨርቅ ትጠቀልላቸዋለች፣ ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ «ድስቱ» ወደሚለው ትልቅ የማምከኛ ማሽን ታስገባቸዋለች። ድስቱ በእንፋሎት አፍኖ ጀርሙን ይገድላል። ሙቀቱ ልኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ዕቃው አሥራ ስምንት ደቂቃ መቆየት አለበት። አሥራ ሰባት አይሆንም፣ «አሥራ ስምንት ገደማ»ም አይሆንም።

ቅጽል ስሟ የመጣው ከአሮጌው ድስት ዘመን ነው። አሮጌው ድስት ሙቀት መለኪያ እንጂ ሰዓት አልነበረውም። መርፌው ልኩ ላይ ሲደርስ እትዬ ጠመኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፣ አሥራ ስምንት ትደምራለች፣ ከዚያ ከሽርጧ ኪስ ጠመኔ አውጥታ የድስቱ በር ላይ ዕቃው የሚወጣበትን ሰዓት ትጽፋለች። ስንት ደቂቃ እንደቀረ ጽፋ አታውቅም። የምትጽፈው የሚወጣበትን ሰዓት ነው፤ አራት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ከሆነ አራት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት።

ይህን ዘዴ ያመጣችው ወዳ አይደለም። የማምከኛ ክፍል ሠራተኛ ሁለት ደቂቃ በሰላም አትቆምም። ስልኩ ይጮሃል። አንዷ «እትዬ፣ ጓንት አለቀብን» ትላለች፣ ሌላው አንገቱን በበሩ አስገብቶ የጠፋ መቀስ ይጠይቃል፣ ሦስተኛዋ ወሬ ይዛ ትመጣለች። ደቂቃ የሚቆጥር ሰው በዚህ መሃል ቁጥሩ ይጠፋበታል። እሷ ግን አሥር ጊዜ ብትጠራ፣ አሥር ጊዜ ሄዳ ብትመለስ፣ በሩ ላይ የተጻፈው ሰዓት ንቅንቅ አይልም። «ያቋረጠኝ ያቋርጠኝ፣ እኔ የማየው ሰዓቱን ነው» ትል ነበር።

ታዲያ ከስምንት ወር በፊት አዲሱ ድስት መጣ። የሚያብረቀርቅ ነው፣ ስክሪን አለው፣ በሩን ራሱ ይዘጋል፣ ሲጨርስ ራሱ ይከፍታል፣ መጨረሻ ላይ «ማምከን አሥራ ስምንት ደቂቃ፣ ተጠናቋል» የሚል ወረቀት አትሞ ያወጣል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌላ ስክሪን ፎቅ ላይ ሜትሮኗ ቢሮ ተተከለ። ሜትሮኗ የነርሶቹ ሁሉ አለቃ ናት። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ «ስንት ቀረው?» የሚለውን ምልክት ስትነካ ድስቱ ከታች መልስ ይልክላታል። እትዬ ጠመኔ በመጀመሪያው ቀን እንደ ልማዷ በሩ ላይ ሰዓት ብትጽፍ ሜትሮኗ አየቻት።

«ምንድን ነው ይሄ? ይህን በመሰለ ማሽን ላይ በጠመኔ ትሞነጫጭሪያለሽ? አጥፊው!»

አንቺ ነው የምትላት። በዕድሜ ታናሿ ሆና፣ መጀመሪያ ቀን ይህን ሆስፒታል ስትረግጥ መጸዳጃ ቤቱን ያሳየቻት እትዬ ጠመኔ ሆና፣ አንቺ! እትዬ ጠመኔ ምላሷን ነከሰችና በእርጥብ ጨርቅ አጠፋችው።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ነገር ዓይኗን ወጋው። ከዕቃዎቹ ጋር አብሮ የሚገባ ትንሽ ጠቋሚ ወረቀት አለ፤ ሙቀቱንም ጊዜውንም በደንብ ካገኘ ጥቁር ይሆናል፣ ካላገኘ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። አንዱን ጥቅል ከፍታ ስታይ ወረቀቱ ግራጫ ነው። ማሽኑ ያተመው ወረቀት ግን «ተጠናቋል» ይላል። ዕቃውን መልሳ ቀቀለችው፣ ጉዳዩን የክፍሉ መዝገብ ላይ ጻፈች፣ ለሜትሮኗም አሳወቀች።

«ጠቋሚ ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት ይሆናላ» አለች ሜትሮኗ ቀና ብላ እንኳን ሳታያት። «ማሽኑ ይዋሻል እንዴ?»

ሁለተኛ ጊዜ ጻፈች። ሦስተኛ ጊዜ ጻፈች። ስትጽፍ ስትጽፍ ሰባት ደረሰ። ሜትሮኗ በመጨረሻ ምን አለች? «ወረቀት አታባክኚ፣ በቀን አንድ ጥቅል ብቻ ፈትሺ!» አበስኩ ገበርኩ! በቀን አሥራ አንድ ዙር የሚቀቀልበት ክፍል ውስጥ በቀን አንድ።

የተፈራው አልቀረም። ካልተፈተሹት ዙሮች በአንዱ የወጣ መቀስ አንዲት ወጣት ሆድ ውስጥ ገባ። ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቷ መሄድ የነበረባት። ቁስሏ መግል ቋጠረ፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ፣ ይኸው ሦስት ሳምንቷ ነው ከአልጋ ከተጣበቀች። እናቷ ከአጠገቧ አትጠፋም። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ እትዬ ጠመኔ ንጹሕ ጨርቅ ተሸክማ ስታልፍ ሴትዮዋ መንገድ ዘጋችባት።

«እንቅልፋሟ አንቺ ነሽ አይደል? ነግረውኛል። አንቺ እያንኮራፋሽ ልጄ በሰበሰች!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። የያዘችውን ጨርቅ ይዛ ወደ ክፍሏ ተመልሳ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። ያስለቀሳት ስድቡ ብቻ አልነበረም። ማን ነው ለዚህች ሴት እንዲህ ብሎ የነገራት? ምንም ሳይጣራ፣ አንድ ሰው ሳይጠይቃት!

ደብዳቤው የመጣው በማግስቱ ነው። ድስቱን የሸጠው ድርጅት ቴክኒሺያን ልኮ ማሽኑን አስመርምሮ «እንከን የለውም» ብሏል። በሩ ያለጊዜው የሚከፈተው በአደጋ ጊዜ መክፈቻ ብቻ ነው፣ መክፈቻው ደግሞ ያለው እትዬ ጠመኔ አንገት ላይ ነው። ስለዚህ ከፍታለች። ስለዚህ ተኝታ፣ ደንግጣ ነቅታ፣ ከፍታለች። ሐሙስ ጠዋት ዳይሬክተሩ ቢሮ ቀርባ መልስ ትስጥ፤ አጥጋቢ መልስ ከሌላት ከሥራ ትሰናበታለች።

ማታ እራት ላይ ለእህቷ ልጅ ነገረቻት። ልጅቷን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ አሁን ለአውቶቡስ ድርጅት ፕሮግራም ትጽፋለች። እትዬ ጠመኔ ስትናደድ እጇም ምላሷም አያርፍም፤ ደብዳቤውን ገበታው ላይ እየደበደበች የሆዷን ሁሉ ዘረገፈችው።

«ያቺ ሜትሮንማ ምን አለባት! ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ መንካት ነው። ደግሞ ትፎክርልኛለች። ሐኪሞቹ ሲቸኩሉ 'ቆዩ፣ ድስቱ እኔን ይፈራል፣ ስንት ቀረህ ስለው ወዲያው ይጨርሳል' ትላለች። ሥራዬን ማሽኑ ነጠቀኝ ብዬ ሳልጨርስ፣ ማሽኑ ደግሞ የእሷ አሽከር ሆነ!»

ልጅቷ ያነሳችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። «እስቲ ድገሚው አክስቴ። ስትጠይቀው ወዲያው ይጨርሳል?»

«ትላለች እሷ።»

«የመዝገቡን ቀናት ታስታውሻለሽ?»

ማስታወስ ምን ያደርጋል፣ ቅጂው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሰባቱም የቀዶ ሕክምና ቀናት ናቸው፣ ሰባቱም ሐኪሞች ቆመው የተጣደፉባቸው ሰዓታት። ልጅቷ ቀናቱን አንድ በአንድ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ስሚኝ» አለች። «ማሽኑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ደቂቃ አይቆጥርም። ኮምፒውተሩን 'አሥራ ስምንት ደቂቃ ልተኛ፣ ሲሞላ ቀስቅሰኝ' ይለውና ይተኛል። ሜትሮኗ ከላይ ስትነካ ሲግናል ይላክበታል።»

«ምንድን ነው ሲግናል?»

«በር ማንኳኳት በይው። ሲንኳኳ ይነቃል፣ ስንት እንደቀረው ይመልሳል።»

«ታዲያ መልሶ አይተኛም?»

«ራሱማ አይተኛም። ኮምፒውተሩ 'እንቅልፍህ ተቋርጧል፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀርሃል' ብሎ ይነግረዋል። ያንን ሰምቶ እንደገና እንዲተኛ ማድረግ ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ሥራ ነው። ጻፊው ያንን መልስ ካላየው፣ ፕሮግራሙ የነቃው አሥራ ስምንቱ ሞልቶ ይመስለዋል። እንፋሎቱን ያስወጣል፣ በሩን ይከፍታል። ወረቀቱም ላይ የታዘዘውን አሥራ ስምንት እንጂ የተኛውን አያትምም። ካላየሁት አልምልም፤ ግን እንዲህ ነው የሚሸተኝ።»

እትዬ ጠመኔ ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐሙስ ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቋት፤ ዳይሬክተሩ፣ ሜትሮኗና ከድርጅቱ የመጣው ቴክኒሺያን። ዳይሬክተሩ የእህቷን ልጅ አይቶ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይቺ ማን ናት?»

«ማሽኑ ጠበቃውን ይዞ መጥቷል» አለች እትዬ ጠመኔ ወደ ቴክኒሺያኑ እያመለከተች። «እኔም የእህቴን ልጅ ይዤ መጣሁ። ክርክር አላበዛም። ወደ ታች እንውረድና አንድ ዙር እንቀቅል። ተኝተሻል ያላችሁኝ ሰዎች ዓይናችሁን ገልጣችሁ ቁሙና እዩ።»

ዳይሬክተሩ ሊቆጣ ፈለገ፣ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ማምከኛ ክፍሉ ገብቶ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ኮቱን አወለቀ። የሚያስቀምጥበት ወንበር ፈልጎ አጣ። «የለም ጌታዬ፣ ቦታ የለም ተብሏል» አለችው። የአደጋ ጊዜ መክፈቻውን ከአንገቷ አውልቃ በእጁ ሰጠችው፣ ኪሱ እንዲከተው አደረገች። ጠቋሚ ወረቀት ያለባቸው ሦስት ጥቅሎች አስገባች። ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ጠመኔዋን አውጥታ በዚያ በሚያብረቀርቅ በር ላይ አራት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ብላ ጻፈች። ሜትሮኗ ዓይኗን ወደ ግድግዳው ሰዓት መለሰች።

«አሁን ሜትሮን ወደ ቢሮዎ ይውጡ» አለች የእህቷ ልጅ። «በስልክ ስንነግርዎ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ያድርጉ።»

ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ዳይሬክተሩ ራሱ ደወለ። «ንኪው» አለ።

ሽ…ው! እንፋሎቱ ወጣ። አረንጓዴ መብራት በራ። ማድረቂያው ትንሽ አጓርቶ በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ፣ ወረቀቱም ታትሞ ወጣ፤ ማምከን አሥራ ስምንት ደቂቃ፣ ተጠናቋል። የግድግዳው ሰዓት በጠመኔ ወደ ተጻፈው ገና አልደረሰም። እትዬ ጠመኔ ጥቅሎቹን ፈትታ ጠቋሚዎቹን አንድ በአንድ ዳይሬክተሩ መዳፍ ላይ ደረደረች። ሦስቱም ግራጫ ናቸው።

«መክፈቻው የት ነው ጌታዬ?»

ዳይሬክተሩ ኪሱን ዳበሰ። መክፈቻው እዚያው ነበር።

ቴክኒሺያኑ ላፕቶፑን ከፍቶ ላቡን እየጠረገ ይፈልግ ጀመር። «እኔ እኮ ፕሮግራሙን ስጽፍ የተቋረጠ ሥራ ሁሉ ራሱ እንዲቀጥል አዝዣለሁ» አለ።

«ሌሎቹ ይቀጥላሉ» አለች ልጅቷ። «እንቅልፍ ግን በዚያ ትእዛዝ አይቀጥልም። የኮምፒውተሩ መመሪያ ላይ ተጽፏል።»

አንብቦ አገኘው። ጆሮው ቀላ። «እሺ፣ ሲነቃ የቀረውን ደቂቃ ወስዶ መልሶ እንዲተኛ አደርገዋለሁ።»

«እሱም አይበቃም፣ በተቀሰቀሰ ቁጥር የሰከንድ ሽርፍራፊ እየተከማቸበት ጊዜው ይዛባል። ይህን ያህል ደቂቃ ተኛ አትበለው። እስከዚህ ሰዓት ድረስ ተኛ በለው። አሥር ጊዜ ቢቀሰቅሱት ሰዓቱን አይቶ ይተኛል።» ከዚያ በሩ ላይ ወዳለው የጠመኔ ጽሑፍ አየችና «እንደሱ» አለች።

እሰይ! ያንን ነበር አጥፊው ያሉት። አክስቷ ግን አልሳቀችም፣ ሊያስቃት የሚችል ነገር አልታያትም።

ሜትሮኗ ከፎቅ ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። በዚያ ፈጣን ጣቷ ስንት ዙር እንዳስወጣች ማን ያውቃል? እሷም ይህን እያሰበች መሆኑ ያስታውቃል። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንግዲህ ችግሩ ቴክኒካዊ ሆኖ ተገኝቷል። ደብዳቤው ይሰረዛል። ማሽኑም እስኪስተካከል ይቁም። ነገሩ ግን ለሆስፒታሉ ስም ሲባል ከዚህ ክፍል ባይወጣ…»

«ምን አሉ?» አለች እትዬ ጠመኔ። ድምጿ ቧንቧዎቹን አንቀጠቀጠ። «ስሜ በኮሪደሩ ሲጎተት የሆስፒታሉ ስም የት ነበር? ለዚያች እናት ተኝታ ነው ብላችሁ የነገራችኋት እናንተ ናችሁ። አሁን ወጥታችሁ እውነቱን ንገሯት። ደብዳቤውን ብትፈልጉ ቅደዱት፣ ባትፈልጉ አታድርጉ። እሷ ሳትሰማ ግን እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም፣ ከድስቱ አንድ መቀስ አይወጣም!»

አፍ ያወጣችው ሜትሮኗ ናት። «እኔ እነግራታለሁ» አለች። «ይምጡ እትዬ፣ አብረን እንሂድ።» ይምጡ አለቻት።

ወጣቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ እናቷ አልጋው ጥግ ተቀምጣ ውሃ የነካ ጨርቅ ትጨምቃለች። ሜትሮኗ ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ማሽኑ ስሕተት እንዳለበት፣ ያለጊዜው ያስከፈተችው ራሷ እንደሆነች፣ ይህች ሴት እንዳልተኛች፣ እንዲያውም ወረቀቱ ግራጫ መሆኑን ሰባት ጊዜ መዝግባ እንዳሳወቀች፣ ያልሰማችው እሷ እንደሆነች። አንዱንም አልሸፋፈነችም። እትዬ ጠመኔ አጠገቧ ቀጥ ብላ ቆማለች። ያ ስድብ ከወረደባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ቀና አድርጋለች።

እናትየዋ ሜትሮኗን ብዙም አላየቻትም። ዓይኗን የተከለችው እትዬ ጠመኔ ላይ ነው።

«ታውቂ ነበር ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እንዴት?»

«ወረቀቱ ግራጫ መሆኑን። ታውቂ ነበር።»

«ጻፍኩ እኮ እህቴ። ሰባት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ መዝገቡ…»

«ጻፍሽ!» ሴትዮዋ የያዘችውን ጨርቅ ሳህኑ ውስጥ ጣለችው። «ሰባት ጊዜ አይተሽ ሰባት ጊዜ ጻፍሽ? ለምን አልጮህሽም? እኔ በዚህ ኮሪደር ስጮህብሽ ሰው ሁሉ አልሰማም? አንቺ ጉሮሮ የለሽም?»

እትዬ ጠመኔ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ሜትሮኗ እንደከለከለቻት፣ አንቺ እየተባለች እንደኖረች፣ ሥራዋን እንደፈራች ልትነግራት ነበር። አልጋው ላይ ያለችው ልጅ በዚያን ጊዜ ዞረች። የእህቷ ልጅ እኩያ ትሆናለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እትዬ ጠመኔ አፏን መልሳ ዘጋች።

ሰኞ ድስቱ ተስተካክሎ ሥራ ጀመረ። ወንበርም ገባ። ደብዳቤው ተሰርዞ ይቅርታ የሚል ሌላ ደብዳቤ ተጻፈላት፤ ሳታነብ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ሦስተኛው ዙር ላይ ጠቋሚ ወረቀቱ ጫፉ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ ጥቅሉ ከመጠን በላይ ጠብቆ ስለታሰረ እንፋሎቱ በደንብ አልገባበትም። የምትቀበላት ነርስ እጇን ዘርግታ ቆማለች።

«እትዬ፣ ትንሽ ጫፉ ብቻ እኮ ነው። ሐኪሙ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል። መዝገቡ ላይ ይጻፉትና ይስጡኝ።»

እትዬ ጠመኔ መዝገቡን አየችው። ከዚያ ጥቅሉን በክንዷ አቅፋ ኮሪደሩ መሃል ወጣች።

«አይወጣም!» ብላ ጮኸች። «አልበሰለም! እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ማንም ሰው በዚህ ዕቃ አይነካም! ሐኪሙም ይስማ፣ ዳይሬክተሩም ይስማ! አይወጣም!»

በሮች ተከፈቱ፣ ሰዎች አንገታቸውን አወጡ፣ ፎቅ ላይ ያሉ ሁሉ ወደ ደረጃው ሮጡ። ከመኝታ ክፍሉ በር ላይ ያቺ እናት ሳህኗን ይዛ ቆማ ታያታለች። እትዬ ጠመኔ ዓይኗን ከእሷ ሳትነቅል እንደገና ጮኸች፣ ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ዕቃውን አላልታ አሰረችው፣ ድስቱ ውስጥ ከተተችው፣ በሩ ላይም የሚወጣበትን ሰዓት ጻፈች።